ለፈይሳ የመጡ የአደራ ደብዳቤዎች

በፖስታ ቤት በሠራሁበት ዘመን ሁሉ የሰው ደብዳቤ ከፍቼ አንብቤ አላውቅም። አንድ ደብዳቤ ግን እንደታሸገ ለማይገባው ሰው አሳልፌ ሰጥቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰዎች ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ ስለ ቴምብሩ፣ ስለ ማኅተሙ፣ ክረምት መንገድ ሲቆርጥ በበቅሎ ስላሻገርነው ከረጢት አወራለሁ። ስለዚያ ደብዳቤ አላወራም።

በቅርቡ የድሮ መሥሪያ ቤቴ ሰዎች አስጠሩኝ። ደብዳቤ የምንለይበት የእንጨት መደርደሪያ ሊወገድ ነውና ለማስታወሻ የምትወስደው ነገር ካለ ብለው ነው። ዛሬ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የለም፤ ወደ መስኮቱ የሚመጣው ዕቃ የሚቀበል ብቻ ነው። መደርደሪያውን ዞር ዞር ብዬ አየሁት፣ ምንም ሳልወስድ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ግን ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

የተወለድኩት አዲስ ዓለም ነው። አማርኛውን ከቤት፣ ኦሮምኛውን ከጎረቤት ለመድኩ፤ የትኛው እንደቀደመ አላስታውስም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እዚያው አዲስ ዓለም በረዳትነት ስቀጠር ንጉሡ ገና ከዙፋናቸው አልወረዱም ነበር። የመጀመሪያው አለቃዬ ከከረጢቱ ይልቅ ለቁልፉ የሚጨነቅ ሰው ነበር፤ ከእሱ የተማርኩት በር መቆለፍ ነው። ከዚያ ጊንጪ ተመደብኩ። ጊንጪ ፖስታ ቤቱ አንዲት ክፍል ነበረች፤ አውቶቡሱ ጥሩምባ ይነፋል፣ እወጣለሁ፣ ረዳቱ ከረጢቱን ይወረውርልኛል፣ የእኔን እወረውርለታለሁ።

ፈይሳን ያወቅሁት እዚያ ነው። ከጊንጪ ወደ ጭልሞ ደን በሚወስደው መንገድ አንድ የጣውላ ፋብሪካ ነበር። ፈይሳ የትልቁ መጋዝ ሠራተኛ፣ በኋላም የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሆነ። መጋዙን የተከለው ላርስ የሚባል የስዊድን መካኒክ ነበር፤ ስድስት ወር አብረው ሲሠሩ በተሰባበረ አማርኛና በእጅ ምልክት ወዳጅ ሆኑ። ላርስ አገሩ ከገባ በኋላ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ይልካል። ፈይሳ በፋብሪካው መኪና መጥቶ ሲቀበለኝ በመዝገቡ ላይ ይፈርማል። አራተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማረው፤ ስሙን ግን ፊደል በፊደል፣ ጣውላ እንደሚለካ ሰው ተጠንቅቆ ይጽፍ ነበር።

አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ወደ አምቦ ተዛወርኩ። ከተማዋ በመንግሥት ወረቀት ገና ሀገረ ሕይወት እየተባለች ትጠራ ስለነበር ደብዳቤ በሁለቱም ስም ይመጣል። የቢሮው ኃላፊ ጋሽ መኩሪያ ነበሩ። ሙያ ብዬ የምጠራው ነገር ካለኝ ከእሳቸው ያገኘሁት ነው።

ጋሽ መኩሪያ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ጥፍራቸውን ቆርጠው፣ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው ነው ሥራ የሚጀምሩት። የቀን ማኅተሙን ፊደላት በመርፌና በቤንዚን ያጸዳሉ፤ «ቀኑ የማይነበብ ማኅተም የውሸት ምስክር ነው» ይላሉ። ጣትን በምራቅ ማርጠብ ክልክል ነው፤ በጠረጴዛቸው ላይ እርጥብ ስፖንጅ አለ። ፖስት ካርድ ሲመጣ ጽሑፉን ወደ ታች ገልብጠው፣ ለአድራሻው ያህል ብቻ ቀና አድርገው፣ መልሰው ይገለብጡታል። ባለቤቱ ያልተገኘ ደብዳቤ ላይ «አይታወቅም» የሚለውን ማኅተም ከመምታታቸው በፊት ቅዳሜ ገበያ ይዘውት ይወርዳሉ። ከየገጠሩ የሚመጣውን ሰው በኦሮምኛ እያነጋገሩ፣ ስሙን ከነአባቱ እየጠሩ ይጠይቃሉ። አንድ ጊዜ ለአንዲት ደብዳቤ አምስት ቅዳሜ ሲመላለሱ አይቻለሁ። ሰውየው ሞቶ ነበር፤ ልጁን አገኙና ሰጡት።

ከሁሉም የሚጠነቀቁት ለአደራ ደብዳቤ ነው። ላኪው ደረሰኝ የሚቀበልበት፣ በእያንዳንዱ እጅ ሲያልፍ የሚፈረምበት ደብዳቤ ማለት ነው። «ስሙን ያወጣለት ሰው ያውቅ ነበር» ይሉኝ ነበር።

እንግዲህ ወደዚያ ነገር ልምጣ።

የጣውላ ፋብሪካው ተወርሶ አዲስ አስተዳዳሪ መጥቶለት ነበር። ግንድ የሚጎትተው የሽቦ ገመድ አርጅቶ ክሩ መበጣጠስ ጀምሯል። ፈይሳ በማኅበሩ ስም ደጋግሞ አመለከተ፤ የሚሰማው አላገኘም። አንድ ጠዋት ገመዱ ተበጠሰና ሁለት ሠራተኞች ገደለ። ሠራተኞቹ ጓደኞቻቸውን ቀብረው ተመለሱና ወደ መጋዙ አልገቡም። ገመዱ ይቀየር፣ ከዚያ እንሠራለን አሉ። አስተዳዳሪው ነገሩን አሻጥር ብሎ ወደ በላይ አስተላለፈው። በሦስተኛው ቀን ታጣቂ የጫኑ ሁለት መኪናዎች መጡ። ሠራተኞቹ ግቢው ውስጥ ግንድ ላይ ተቀምጠው ነበር። ተነሡ ተባሉ። ፈይሳ ብቻ ሊያነጋግራቸው ተነሣ። እየተናገረ ሳለ ተኩስ ተከፈተ፤ ሦስት ሰው ሞተ። የቆሰለውን ማንም አልቆጠረም፤ ዘመድ እየተሸከመ ደን ውስጥ ደበቀው።

ፈይሳንና ሁለት የኮሚቴ ጓደኞቹን ጭነው ወደ አምቦ ሲያመጧቸው መኪናው በፖስታ ቤቱ ፊት አለፈ። መስኮቱ ላይ ነበርኩ። እጁ የኋሊት ታስሯል። አየኝ መሰለኝ፤ እኔ ግን ዐይኔን ወደ መዝገቡ መለስኩ።

በዚያው ሰሞን ከአውራጃው ካድሬ አንድ ትእዛዝ ደረሰን፦ ከውጭ አገር የሚመጣም ወደ ውጭ የሚላክም ደብዳቤ በቅድሚያ ለእሱ ይቅረብ። ካድሬው ጓድ አሰግድ ይባላል። ጋሽ መኩሪያ ወረቀቱን አንብበው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። «ይህ ከመሥሪያ ቤታችን የመጣ አይደለም» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ። ጓድ አሰግድ ሲመጣ ሻይ ያስመጡለታል፣ ስለ ዝናቡ ያወሩታል፣ ይሸኙታል። ይህን እሳቸው ይችሉበታል። ግን ዐይናቸውን ሊታከሙ ለሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ሄዱና ቢሮው በእኔ እጅ ቀረ።

የፈይሳ ሚስት አዴ ጫልቱ የመጣችው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ለባሏ ስንቅ ለማመላለስ ብላ አምቦ እህቷ ቤት ገብታለች። ከነጠላዋ ውስጥ አንድ ፖስታ አወጣች።

«ኦቦ በቀለ፣ ይቺ ለላርስ ናት» አለችኝ። «በአደራ ላክልኝ።»

አድራሻው ባማረ የእንግሊዝኛ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል። የመምህር ኢተፋ እጅ ነበር፤ የትምህርት ቤቱን ሰርተፊኬት ሁሉ የሚጽፈው እሱ ስለሆነ ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። መዘንኩ፣ ቴምብር ለጠፍኩ፣ ሰም አቅልጬ አሸግኩ፣ ደረሰኝ ቆርጬ ፈርሜ ሰጠኋት። ደረሰኙን በመሐረቧ ጫፍ ቋጠረችው።

አሥር ሰዓት ገደማ ጓድ አሰግድ ገባ። ደብዳቤው ከመዝገቡ ሥር ነበር፤ አይታይም።

«ዛሬስ ወደ ውጭ የሚሄድ አለ?» አለኝ።

የለም ብል ይሄድ ነበር። እጄ ከአፌ ቀደመ። መዝገቡን አነሣሁና ሰጠሁት። አድራሻውን አየና ፈገግ አለ። «ይህን እጅ አውቀዋለሁ» ብሎ ኪሱ ከተተው።

በማግስቱ መምህር ኢተፋን ከሚያስተምርበት ክፍል ወሰዱት።

ምክንያት ልደርድር ብል ሞልቶኛል። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሚስት ካገባሁ አምስት ወሬ ነው፤ ያ ጊዜ ሰው በመንገድ ወድቆ የሚያድርበት ጊዜ ነው። ግን አሰግድ አላስፈራራኝም። መሣሪያ አላወጣም፣ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። የጠየቀኝ ሻይ አለ ወይ እንደሚል ሰው ነበር። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ጋሽ መኩሪያ አዲስ መነጽር አድርገው ተመለሱ። በመጀመሪያው ቀን የአደራ መዝገቡን ገለጡ፤ ጣታቸው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ቆይቶ አንድ ቁጥር ላይ ቆመ።

«ይህ ተመዝግቧል። የተላከበት ቀን ግን የለም። የት ሄደ?»

ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ለሴትዮዋ ደረሰኝ ሰጥተሃታል?» አሉኝ።

«ሰጥቻለሁ።»

«ፈርመህበታል?»

«ፈርሜያለሁ።»

«እንግዲያው ደብዳቤው ገና አንተ ዘንድ ነው። የሚሄድበት አገር እስኪደርስ ድረስ አንተ ዘንድ ነው» አሉና መዝገቡን ዘጉት።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከፈይሳ ጋር የታሰሩት ሁለቱ የኮሚቴ ጓደኞቹ ከእስር ቤቱ ተወሰዱ። ሚስቶቻቸው እንደ ወትሮው ምግብ ይዘው ሲሄዱ በሩ ላይ «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ» ተባሉ። የዚያን ዘመን ሰው የዚህን ቃል ትርጉም አይስተውም። የመጀመሪያው ደብዳቤ በጊዜው ሄዶ ቢሆን እነዚያ ሁለት ሰዎች ይተርፉ ነበር ወይ? አላውቅም። ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ባላውቅም ጥያቄው አይተወኝም።

እሑድ ቀን ወደ አዴ ጫልቱ ሄድኩ። እህቷ ቤት ደጅ ላይ ተቀምጣ በሰፌድ ባቄላ ትለቅም ነበር። ተቀመጥ አለችኝ፤ አልተቀመጥኩም።

«አዴ ጫልቱ፣ ደብዳቤው አልሄደም። ለካድሬው የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

እጇ ሥራውን አላቆመም። «አውቃለሁ» አለች። «ከእኔ እጅ አንተ እጅ ነው የገባው። በመሃል ሌላ ሰው የለም።»

«ታዲያ መጥተሽ ለምን አልተጣላሽኝም?»

«ብጣላህ ምን ላገኝ? ሌላ ፖስታ ቤት አለ?»

ሌላ ደብዳቤ እንጻፍ አልኳት። ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

«ማን ሊጽፈው? የሚጽፍልኝን ሰው አስወስደኸዋል።»

«እኔ እጽፈዋለሁ።»

«በገዛ እጅህ?»

«በገዛ እጄ።»

ሰፌዱን አስቀመጠች። እኔ ከመደቡ ጠርዝ ተቀመጥኩ፤ እሷ በኦሮምኛ ትናገራለች፣ እኔ ባለችኝ እንግሊዝኛ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ላይ የልመና ቃል ጣል ሳደርግ ምን ብለህ ጻፍክ ብላ ጠየቀችኝ። ስነግራት «እሱን ሰርዝ» አለች። «ልቅሶ አትጻፍ። ሰው የማያውቀውን ልቅሶ አይሰማም። ስማቸውን ጻፍ።» በገመዱ የሞቱትን ሁለቱን፣ በጥይት የሞቱትን ሦስቱን፣ ከእስር ቤት የተወሰዱትን ሁለቱን ከነአባታቸው ስም ነገረችኝ። ከዚያ በሕይወት ያለውን የባሏን ስም አስጻፈችኝ። በመጨረሻም፣ ሳላሳስባት፣ የመምህር ኢተፋን ስም ጨመረች። ለላርስ ደግሞ «የተከልከው መጋዝ ቆሟል፤ ያቆሙት ሰዎች ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም» በልልኝ አለች።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤውን ለጋሽ መኩሪያ ሰጠኋቸው። አልከፈቱትም፣ ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ትልቅ ፖስታ አውጥተው ደብዳቤውን ከተቱበትና በላዩ ላይ አዲስ አበባ በደብዳቤ መለያ ክፍል የሚሠራ የድሮ ባልደረባቸውን ስም ጻፉ። የአገር ውስጥ ደብዳቤ አይመረመርም፤ እዚያ ሲደርስ ባልደረባቸው ወደ ውጭ ያሳልፈዋል። ሰሙን ራሳቸው አቀለጡ።

«ጋሼ፣ ደንብ አፈረስን?» አልኳቸው።

«ደንቡ ደብዳቤው ይድረስ ነው የሚለው» አሉኝ።

ክረምቱ አለፈ። መስቀል አለፈ። ምንም የለም። አዴ ጫልቱ ስንቅ አድርሳ ስትመለስ በመስኮቱ በኩል ታያለች፤ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ትሄዳለች። ስንቅ አታምጪ አለመባሏ ብቻ ነበር የምሥራቹ።

ከዚያ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ በመጣው ከረጢት ውስጥ ሦስት ፖስት ካርዶች አገኘሁ። ለፈይሳ ነው፤ ስሙን ሦስቱም በየራሳቸው አሳስተውታል፤ አድራሻው «እስር ቤት፣ ሀገረ ሕይወት» ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት አሥር ያህል መጣ። ከዚያ በኋላ በሲባጎ የታሰረ ጥቅል ነው የሚመጣው። በረዶ የለበሰ ደን፣ መርከብ፣ ፈረስ፣ ድልድይ ሥዕል ያለባቸው ካርዶች፤ ከስዊድን ብቻ አይደለም፤ ቴምብራቸውን አይቼ የማላውቃቸው አገሮችም አሉበት። ላርስ ደብዳቤውን በአገሩ ላለው የሠራተኛ ማኅበሩ አንብቦ፣ ማኅበሩ ለሌሎች ማኅበራት በትኖት ኖሮ ነው። ጋሽ መኩሪያ እንደ ልማዳቸው ጽሑፉን ወደ ታች እየገለበጡ ደረደሩ። እኔ አንዱን አነበብኩት፤ ፖስት ካርድ የሚከፈት ነገር የለውም ብዬ ራሴን አታለልኩ። በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። እኔም እንዳንተ ግንድ ሰንጣቂ ነኝ፤ ሁለት ጣቶቼን መጋዝ ወስዷቸዋል፤ ማክሰኞ ዕለት ለእናንተ ብለን መጋዞቻችንን አንድ ሰዓት አቁመን ነበር ይላል።

ጓድ አሰግድ ሲያያቸው ግራ ገባው። ሁለት ጥቅል ወስዶ አቃጠለ። በኋላ ግን የአደራ ደብዳቤዎች መምጣት ጀመሩ። በእያንዳንዱ ጀርባ አንዲት ሮዝ ካርድ ተያይዛለች። ደብዳቤው ሲደርስ ባለቤቱ ካርዷ ላይ ይፈርማል፤ ካርዷ ወደ ላኪው ትመለሳለች። የመልስ ካርድ እንላት ነበር። የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ ሲመጡ አሰግድ ሊወስዳቸው እጁን ዘረጋ።

«ይውሰዱ ጓድ» አሉ ጋሽ መኩሪያ በእርጋታ። ብዕራቸውን አቀረቡለት። «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

«ለምን እፈርማለሁ?»

«ካርዱ መመለስ አለበት። በመንግሥታት መካከል የተፈረመ ውል ነው፤ የእኛም መንግሥት ፈርሞበታል። ባለቤቱ ካልፈረመ ምክንያቱን ጽፌ እመልሳለሁ። ምን ብዬ ልጻፍ? ሞቷል ልበል? ወይስ ጓድ አሰግድ ተቀብለውታል ልበል? ስምዎን በፈረንጅ ፊደል በትክክል እንድጽፈው እዚህ ላይ ያስቀምጡልኝ።»

አሰግድ ብዕሩን አየው፤ ካርዶቹን አየ። ስሙ ወደማያውቀው አገር እንዲሄድ አልፈለገም።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» አለ።

«ባለቤቱ ይፈርማ። ያለው እዚሁ ነው፤ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደንብ ልብሳችንን ለብሰን፣ መዝገቡን ይዘን ሁለታችንም ወደ እስር ቤቱ ሄድን። የእስር ቤቱ ኃላፊ የድሮ ፖሊስ የነበሩ አዛውንት ናቸው። ወረቀትና ማኅተም ያከብራሉ። ጋሽ መኩሪያ ውሉን፣ ደንቡን፣ ካርዱን አስረዷቸው። እሳቸውም አዳምጠው ፈይሳን አስጠሩት።

ፈይሳን የለየሁት በድምፁ ነው። ትከሻው ወርዷል፣ ጺሙ ሸብቷል። ጋሽ መኩሪያ ጠረጴዛው ላይ ደብዳቤዎቹን ደረደሩለት።

«ከማን ነው?» አለ።

«ከማያውቁህ ሰዎች» አሉት ጋሽ መኩሪያ። «እንደ አንተ ሠራተኞች ናቸው። በሕይወት መኖርህን ማወቅ ይፈልጋሉ። ፈርም።»

ብዕሩን ያዘ። ገመድ ውሎ ያደረበት እጅ ነውና ይንቀጠቀጥ ነበር። የቆመው ዘበኛ ቶሎ በል አለው። ፈይሳ ብዕሩን አስቀምጦ ጣቶቹን አሻሸ።

«ላርስ ፊርማዬን ያውቀዋል» አለ ወደ እኔ ዞሮ። «ተንጋዶ ካየው ሌላ ሰው የፈረመ ይመስለዋል።»

ኃላፊው ዘበኛውን ተወው አሉት። ፈይሳ አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ፣ ፊደል በፊደል ፈረመ። ሲጨርስ ጋሽ መኩሪያ የቀን ማኅተሙን ከቦርሳቸው አውጥተው እዚያው ጠረጴዛ ላይ መቱበት። ቀኑ ጥርት ብሎ ይነበብ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ መመላለስ ሆነ። ለመምህር ኢተፋም ጥቂት መጣለት፤ እሱም ፈረመ። የተፈረሙት ካርዶች ሲደርሱ ላኪዎቹ በየማኅበራቸው እያባዙ ለየመንግሥታቸው፣ ለእኛም ሚኒስትሮች ይጽፉ እንደነበር ያወቅነው በኋላ ነው። ያኔ የምናየው እዚህ ያለውን ብቻ ነው። አንድ ቀን ኃላፊው ጋሽ መኩሪያን ወደ ጎን ሳብ አድርገው «ይህ ሰው ማነው?» አሏቸው። «እኔ ግንድ ሰንጣቂ ነው ብዬ ነበር። ትናንት ከአዲስ አበባ ደውለው ጤናው እንዴት ነው አሉኝ።»

«ግንድ ሰንጣቂ ነው» አሉ ጋሽ መኩሪያ።

የሚወሰዱ ሰዎች ስም ዝርዝር ከዚያ በኋላም ወጥቷል። የፈይሳና የኢተፋ ስም ግን አልተጠራም። ስማቸውን ማንም በውጭ የማያውቀው ሌሎች ተጠርተዋል። ይህንንም ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም።

መምህር ኢተፋ በሁለተኛው ዓመት ተፈታ። ውስጥ እግሩን ገርፈውት ስለነበር በምርኩዝ ነው የሚሄደው። መጥቼ ላናግርህ ብዬ ላክሁበት፤ ራሱ ወደ ፖስታ ቤቱ መጣ። ሁሉንም ነገርኩት።

«ውስጥ ሆኜ ማን እንደሆነ ስገምት ነበር» አለኝ። «አንተ በግምቴ ውስጥ አልነበርክም። አንድ ሌላ ሰው ሁለት ዓመት ስጠረጥር ኖሬያለሁ፤ መጀመሪያ እሱን ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ። ስለ አንተ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።»

ሌላ ጊዜ አልተነጋገርንም። ሰላምታ አልነሳኝም፤ ቴምብር ሲፈልግ ከእኔ መስኮት ይገዛ ነበር። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁትም።

ለጋሽ መኩሪያ ከዕድሜያቸው በፊት የጡረታ ደብዳቤ ደረሳቸው። ምክንያት አልተጻፈበትም። ቁልፉን አስረክበው፣ ስፖንጃቸውን አጥበው ሄዱ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወሊሶ ዘመዶቻቸው ዘንድ ማረፋቸውን ሰማሁ። እኔም ካቺሲ ተላክሁ። ቅጣት ነው ተብሎ ነው፤ ከረጢቱ ክረምት ክረምት በበቅሎ ይመጣል። ለእኔ ግን ቅጣት አልሆነብኝም። ካቺሲ ገበያ ላይ ያልታወቁ ደብዳቤዎችን ይዤ ስቆም የአባቱን ስም እየጠራሁ ባለቤቱን የማፈላለግ ሥራ ወደድኩት። ስድስት ዓመት ቆይቼ ወደ አምቦ ተመለስኩ።

ፈይሳ በዚያ መሃል በምሕረት ተፈትቶ ነበር። ፋብሪካው መልሶ አልቀጠረውም፤ ጊንጪ በርና መስኮት እየሠራ ይኖራል። አንድ ቅዳሜ ከአዴ ጫልቱ ጋር ወደ መስኮቴ መጣ። በሬዲዮ በደቡብ አሜሪካ አንድ አገር የማዕድን ቆፋሪዎች ሥራ ቢያቆሙ ወታደር እንደተኮሰባቸው፣ መሪያቸውም እንደታሰረ ሰምቷል። ለላርስ ጽፎ የሰውየውን ስምና የእስር ቤቱን አድራሻ አስልኳል። አድራሻው የተጻፈበትን ብጣሽ ወረቀት ሰጠኝ።

«ደብዳቤ ልልክለት ነው» አለ። «በአደራ ይሁን። ሮዟም ካርድ ትኑርበት።»

«ምን ብለህ ጻፍክለት?» አልኩት። እንደዚህ ጠይቄ አላውቅም።

«ስሜን፣ ሥራዬን፣ የታሰርኩበትን ጊዜ። ካርዱ ላይ ቀስ ብለህ ፈርም አልኩት።»

መዘንኩ፣ አሸግኩ፣ ደረሰኝ ቆርጬ ፈርሜ ሰጠሁት። ለአዴ ጫልቱ አቀበላት። እሷ አየችኝ፤ ከዚያ በመሐረቧ ቋጠረችው።

ወራት ሄዱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ ገና ነው እለዋለሁ፤ ሚስማሩንና ማጠፊያውን ገዝቶ ወደ ጊንጪ ይመለሳል። ሰባተኛው ወር ላይ ካርዷ መጣች። ጠርዟ ተጎሳቁሏል፣ የአራት አገር ማኅተም አለባት። ፊርማው እርሳስ ነው፤ ቀጭንና የሚንቀጠቀጥ፣ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተጻፈ የሰው ስም።

ፈይሳ ሲመጣ ካርዷን በመስኮቱ አሳለፍኩለት። ወደ ብርሃኑ ይዟት ወጣ። እያንዳንዱን ፊደል በጣቱ ሲከተል ከመስኮቱ አየው ነበር። ከኋላው ሰልፍ ተሠርቷል፤ ማንም አልተናገረውም። ተመልሶ መጣና ክርኑን መስኮቱ ላይ አሳረፈ።

«ጂራ» አለኝ በኦሮምኛ። «ሰውየው አለ።»